ቂጥኝ፣ ጨብጥና ኤች አይ ቪ፦ ከሹክሹክታ ወደ ምርመራ

ቂጥኝና ጨብጥ ለአገራችን አዲስ አይደሉም። አያቶቻችን ስማቸውን በሹክሹክታ ይጠሩ ነበር፤ የታመመም ወደ ጠበል፣ ወደ ፍል ውሃ ወይም ወደ መድኃኒት አዋቂ ይሄድ ነበር። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ቂጥኝ በፔኒሲሊን መርፌ የሚድን በሽታ ሆኖ ነበር። መድኃኒቱ ቢመጣም ሐፍረቱ አልሄደም።

በ1978 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በአገራችን ታወቁ። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ከሚወርዱት መካከል ገንዘብ ይዘው የሚመለሱ እንዳሉ ሁሉ በሽታ ይዘው የተመለሱም አሉ። በ1990 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ/ኤድስ ፖሊሲ ወጣ፤ በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ተጀመረ፤ በ1997 ዓ.ም. የዕድሜ ማራዘሚያው መድኃኒት በነጻ መሰጠት ጀመረ።

ዛሬ ምርመራውም መድኃኒቱም አለ። የቀረው የእኛው ዝምታ ነው። ብዙ ሴቶች ምልክት ሳይታይባቸው ይያዛሉ። አንዲት ሴት ብቻዋን ብትታከም፣ ባሏ ካልታከመ ተመልሳ ትያዛለች። ያልታከመ ቂጥኝ ደግሞ ጽንስን ይገድላል።

ስለዚህ እህቶቻችን፣ ነፍሰ ጡር ስንሆን ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። ባል ከስደት ሥራ ሲመለስ አብረን እንመርመር፤ ውጤቱ እስኪታወቅም ኮንዶም እንጠቀም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። የቁጠባ መዝገባችንን በየወሩ እንደምናመሳክር ሁሉ ስለ ጤናችንም በየስብሰባችን በግልጽ እንነጋገር።