የብርቱጋል ልጆች ወዴት ገቡ?

በቢቸናና በሞጣ መካከል ባለው አገር፥ ወደ ምሥራቅ ገባ ብሎ፥ የመርጡለ ማርያም ደብር ይገኛል። ንግሥት እሌኒ ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን ከጠፋ በኋላ፥ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን የተባሉት የሮም ካህናት በጥርብ ድንጋይ እንደ ገና ያነጹት ግንብ ፍርስራሹ ዛሬም ቆሟል። የፈረንጅ እጅ ያረፈበት ድንጋይ እንዲህ በግልጥ ሲታይ፥ የፈረንጅ ደም ያለበት ሰው ግን የት እንደ ገባ አይታይም።

ነገሩ የተጀመረው በ1533 ዓ.ም. ነው። ክሪስቶፎር ዳ ጋማ የሚመራቸው 400 ያህል የብርቱጋል ነፍጠኞች ዐፄ ገላውዴዎስን ለመርዳት በምጽዋ ወረዱ። መሪያቸው በ1534 በወፍላ ድል ሆኖ ተማርኮ ተገደለ፤ የተረፉት በ1535 ግራኝ አሕመድ በወደቀበት በወይና ደጋ ጦርነት ተሰለፉ። ንጉሡም መሬት ሰጣቸው፤ የአገሩን ሴቶች አግብተው ወለዱ፤ ልጆቻቸውም ለነገሥታቱ በነፍጥ አገለገሉ።

ሱስንዮስ የሮምን ሃይማኖት በመቀበሉ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ፥ በ1624 የቀደመው ሃይማኖት ተመለሰ፤ ዐፄ ፋሲልም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጣ። በ1660 የነገሠው ዐፄ ዮሐንስ ብዙ ሳይቈይ ጉባኤ ሰብስቦ ስለ ፈረንጅ ልጆች ፈረደ፤ ይኸውም የኢትዮጵያን ጥምቀትና ቍርባን የተቀበለ ይቀመጥ፥ እንቢ ያለ ወደ ስናር ይሂድ የሚል ነበር። ፍርዱ ቀላል አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በላይ ወገናቸው ከኖረበት አገር የወጡ አሉ። ሆኖም የተጠየቁት ሃይማኖታቸውን እንጂ የቈዳቸውን መልክ አልነበረም።

በዚያው ዘመን እንግሊዞች በያዙት በአሜሪካ ቨርጂንያ ሌላ ፍርድ ይፈረድ ነበር። አባቷ እንግሊዛዊ፥ እናቷ አፍሪካዊት ባሪያ የሆነች ኤልሳቤጥ ኪ የምትባል ሴት፥ እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1648፥ በአባቷ ዘርና በክርስትናዋ ተሟግታ ነጻ ወጣች። ሕግ አውጪዎቹ ግን ሁለቱንም በር ዘጉ። በ1655 ልጅ በባርነትም በነጻነትም የእናቱን ዕጣ ይከተል አሉ፤ ስለዚህ ጌታው ከባሪያይቱ የወለደውን የገዛ ልጁን ሊሸጥ ቻለ። ዐፄ ዮሐንስ በነገሠበት በ1660 ደግሞ ጥምቀት ባሪያን ነጻ አያወጣም ብለው ደነገጉ። በአንድ ዓመተ ምሕረት ውስጥ፥ በጎንደር ለድብልቁ ልጅ መግቢያ በር የሚሆነው ጥምቀት በቨርጂንያ ከንቱ ተባለ።

ይህ ለመመጻደቅ አይደለም፤ ባርነት በኢትዮጵያም ነበረና። ነገር ግን የሁለቱ ፍርድ ፍሬ እስከ ዛሬ ይታያል። በቨርጂንያ የድብልቆቹ ስም በፍርድ ቤት መዝገብና በንብረት ዝርዝር ስለ ተጻፈ፥ የልጅ ልጆቻቸው አያታቸውን ከዚያ ይፈልጋሉ፤ መዝገቡን ያቈየላቸው መለየታቸው ነው። በጎጃም ግን ተጠምቆ የቀረው የአገሩን ስም ይዞ ከአገሩ ሰው ጋር ተዋልዶ ጠፋ። ሽማግሌው ለጋብቻ የሚቈጥረው እስከ ሰባት ቤት ነው፤ ከዐፄ ዮሐንስ ወዲህ ያለው 350 ዓመት ግን፥ አንድ ትውልድ በ30 ዓመት ቢታሰብ፥ ከዐሥራ አንድ ትውልድ ያልፋል። ስለዚህ የብርቱጋሉ አያት ከቈጠራው ውጭ ቀረ።

እንግዲህ በመርጡለ ማርያም ቅዳሴ ከሚቆሙት መካከል የነዚያ ነፍጠኞች ዘር ቢኖር፥ ራሱም አያውቀው፥ ጎረቤቱም አይጠይቀው። ለታሪክ ፈላጊ ይህ ጉዳት ነው፤ ለልጁ ግን ርስቱ ነበረ።