ድምፅን ከሥሩ መሥራት፤ ከቴልሃርሞኒየም እስከ ብራውዘር

እ.ኤ.አ. በ1906 በኒውዮርክ ከተማ 200 ቶን ያህል የሚመዝን የሙዚቃ መኪና ሥራ ጀመረ። ታዴየስ ካሂል የተባለ አሜሪካዊ የፈጠራ ሰው የሠራው ይህ መኪና «ቴልሃርሞኒየም» ይባል ነበር። በውስጡ በየራሳቸው ፍጥነት የሚሽከረከሩ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ነበሩበት። እያንዳንዱ ማመንጫ የራሱን ቃና የሚሰጥ ሞገድ ያወጣል፤ ተጫዋቹም ሞገዶቹን እየደመረና እያመጣጠነ የተለያየ ጠባይ ያለው ድምፅ ያበጅ ነበር። ሙዚቃው በስልክ ሽቦ አማካይነት ወደ ሆቴሎችና ወደ ምግብ ቤቶች ይላክ ነበር። ይሁን እንጂ የመኪናው ወጪ ከባድ ሆነ፤ ብርቱ ሞገዱም ወደ ሌሎች የስልክ መስመሮች እየገባ የሰዎችን ንግግር ያውክ ጀመር። ስለዚህ ሥራው ብዙ ዓመታት ሳይዘልቅ ቀረ።

መኪናው ቢጠፋም ሁለት ሐሳቦች ተርፈዋል። አንደኛው፣ ድምፅን ከክፍሎቹ ገጣጥሞ መሥራት ይቻላል የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ሰው መኪናውን በቤቱ ሳያስቀምጥ የመኪናው ሥራ በሽቦ ሊደርሰው ይችላል የሚለው ነው። ዛሬ በኮምፒዩተር ወይም በእጅ ስልክ ብራውዘር ላይ የሚከፈተው ሲንተሳይዘር የእነዚህ የሁለቱ ሐሳቦች ልጅ ነው። በመካከሉ ያለው ታሪክ ግን ቀጥ ያለ የዕድገት ጎዳና አልነበረም። መሣሪያው እየቀለለ በሄደ ቁጥር የተጠቃሚው ሥልጣን አንዳንድ ጊዜ ሲሰፋ፣ አንዳንድ ጊዜም ሲጠብ ታይቷል።

አንድ ዋሽንትና አንድ መሰንቆ በሴኮንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ አንድ ዓይነት ቃና ቢያሰሙ ጆሮ ሁለቱን ለመለየት አይቸገርም። ልዩነቱ የሚመጣው በዋናው ንዝረት ላይ ከሚደረቡት ንዝረቶች ብዛትና ብርታት፣ እንዲሁም ድምፁ ከሚነሣበት፣ ከሚጸናበትና ከሚከስምበት ሁኔታ ነው። ስለሆነም ድምፅ ነዳፊው የሚያዛቸው ነገሮች በቁጥር ጥቂት ናቸው። እነርሱም ሞገዱን የሚያመነጨው ኦሲሌተር፣ ከሞገዱ ውስጥ ያልተፈለገውን የሚቀንሰው ማጣሪያ፣ ብርታቱን የሚወስነው ማጉያ፣ እነዚህንም ሁሉ ከጊዜ ጋር የሚለዋውጠው መቆጣጠሪያ ናቸው።

ይህን ሥራ ወደ ስሌት የለወጠው በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ማክስ ማቲውስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ያዘጋጀው ፕሮግራም በአይቢኤም 704 ኮምፒዩተር ላይ 17 ሴኮንድ የሚፈጅ ሙዚቃ አሰላ። ማቲውስ በቀጣዮቹ ዓመታት ፕሮግራሙን ሲያሻሽል እያንዳንዱ ተግባር ራሱን የቻለ ጡብ እንዲሆን አደረገ፤ አንዱ ጡብ ሞገድ ይሰጣል፣ ሌላው ያጣራል፣ ሌላው ይደምራል፤ ሙዚቀኛውም ጡቦቹን እንደፈቀደ ይገጣጥማል። የስሌቱን ፍጻሜ ግን በትዕግሥት መጠበቅ ነበረበት፤ መሣሪያው ለሐሳብ ነፃ ቢሆንም ለእጅ ቅርብ አልነበረም።

ሮበርት ሙግ እ.ኤ.አ. በ1964 ተመሳሳዩን ሐሳብ በኤሌክትሪክ ዑደት ሠራው። በሙግ ሲንተሳይዘር አንዱ ክፍል ሌላውን የሚያዘው በቮልቴጅ ነው፤ ቮልቴጁ በአንድ ሲጨምር ቃናው አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል። ተጫዋቹ ክፍሎቹን በገመድ እያገናኘ ውጤቱን ወዲያውኑ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1970 ገበያ ላይ የዋለው ሚኒሙግ ገመዶቹን አስቀርቶ ግንኙነቱን በፋብሪካ አጸናው። መሣሪያው ወደ መድረክ ለመውጣት የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም ክፍሎቹን እንደልብ የማገናኘቱ ነፃነት ከገመዶቹ ጋር አብሮ ቀረ።

ይኸው ሁኔታ በዲጂታሉ ዘመን ተደገመ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጆን ቻውኒንግ እ.ኤ.አ. በ1967 አንድ ሞገድ የሌላውን ሞገድ ንዝረት በፍጥነት ሲለዋውጠው በጥቂት ስሌት እጅግ ሀብታም ድምፅ እንደሚገኝ ደረሰበት፤ ውጤቱንም በ1973 አሳተመ። የጃፓኑ ያማሃ ኩባንያ በፈቃድ ተጠቅሞበት በ1983 ዲኤክስ 7 የተባለውን ሲንተሳይዘር አወጣ። መሣሪያው በዓለም ተሰራጨ፤ ከፋብሪካው ተሞልተው የመጡት ድምፆቹም በዘመኑ ብዙ ሸክላዎች ላይ ተሰሙ። ነገር ግን አዲስ ድምፅ ለመንደፍ የፈለገ ሰው ስድስት ሞገዶችን በአንዲት ትንሽ መስኮት እያየ፣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ መለወጥ ነበረበት። ስለዚህ ብዙው ተጠቃሚ ከነዳፊነት ወደ መራጭነት ዞረ።

በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ በስደት በሚኖርበት በአሜሪካ አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘር፣ ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከሪትም ማሽን ጋር አጣምሮ የኢትዮጵያ ዜማዎችን ብቻውን ቀረጸ። ቀድሞ አንድ ባንድ የሚጠይቀውን ሥራ አንድ ሰው ሊወጣው እንደቻለ ይህ ሥራ ምስክር ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ ሲንተሳይዘሩ በተራ ኮምፒዩተር ላይ የሚጫን ሶፍትዌር እየሆነ መጣ። ወደ ብራውዘር ለመግባት ሲቃረብ ግን በመሐንዲሶች መካከል አንድ መሠረታዊ ክርክር ተነሣ። የፋየርፎክስ አዘጋጅ ሞዚላ በ2011 ያቀረበው መንገድ ለፕሮግራም ጸሐፊው የድምፁን ናሙናዎች በቀጥታ የሚሰጥ ነበር፤ ጸሐፊው እያንዳንዱን ቁጥር ራሱ ያሰላል። በጉግል የክሪስ ሮጀርስ ሐሳብ በአንጻሩ እንደ ማቲውስ ጡቦች የተዘጋጁ ክፍሎችን የሚያቀርብ ነበር፤ ስሌቱን ብራውዘሩ ራሱ በፍጥነት ያከናውነዋል። በዚያን ጊዜ ፍጥነት ወሳኝ ስለነበረ የጡቦቹ መንገድ አሸነፈ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 23 ቀን 2012 ጉግል የሙግን ልደት ለማሰብ የሚሠራ ሚኒሙግ መሰል መሣሪያ በመጀመሪያ ገጹ ላይ ሲያወጣ፣ ሲንተሳይዘር አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ቁልፎቹን እያዞረ ድምፅ ለመቅረጽ ቻለ።

የጡቦቹ ወሰን የታየው ከዚህ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በካርፕለስና በስትሮንግ የታተመው ዘዴ የተነካ አውታርን ድምፅ በቀላል ስሌት ይሠራል። አጭር የጫጫታ ድምፅ በቀለበት ውስጥ ይዞራል፤ በዞረ ቁጥርም እየለዘበ ይከስማል። በሴኮንድ 44,100 ናሙና ሲሰላ የ440 ንዝረት ቃና 100 ናሙና ያህል ርዝመት ያለው ቀለበት ይፈልጋል። ብራውዘሩ ግን በአንድ ጊዜ 128 ናሙና እያሰላ ስለሚሄድ በጡቦቹ የሚሠራ ቀለበት ከዚህ ሊያጥር አይችልም። ከዚህ የተነሣ በሴኮንድ ከ344 ንዝረት በላይ ያለውን የክራር ቃና በዚህ ዘዴ ማግኘት አልተቻለም። ናሙናን በቀጥታ ለማስላት የተተወው መስኮትም ስሌቱን ከገጹ ሌሎች ሥራዎች ጋር ተራ ያስጠብቀው ስለነበረ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። ይህ ችግር የተቃለለው በ2018 ክሮም ኦዲዮ ዎርክሌት የተባለውን ክፍል ሲያስገባ ነው፤ በእርሱ አማካይነት ጸሐፊው የራሱን ስሌት ድምፁ በሚሰላበት መስመር ላይ ለማስኬድ ይችላል። የተሸነፈው ሐሳብ በአሸናፊው ቤት ውስጥ ቦታ አገኘ ማለት ነው። ዌብ ኦዲዮ የተባለው ይህ ሥርዓት በሰኔ 2021 የዓለም አቀፉ የድር ማኅበር ይፋ ደረጃ ሆነ።

ይህ ለቴክኒክ ሰዎች ብቻ የሚተው ዝርዝር አይደለም። በገና ሲደረደር የሚሰማው ግርማ ያለው ንዝረት የሚመጣው እንዚራ ከተባለው ትንሽ ቆዳ ነው፤ አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳውን እየነካ ድምፁን ያበለጽገዋል። ይህን የአውታርና የቆዳ ግንኙነት የሚያሰላ ጡብ ማንም ፋብሪካ አዘጋጅቶ አላቀረበም፤ ናሙና በናሙና መሰላት አለበት። ስለ ቅኝቶቹም እንደዚሁ ነው። የትዝታ፣ የባቲ፣ የአምባሰልና የአንቺ ሆዬ እርከኖች በጆሮ ሲቃኙ ከፒያኖው 12 እኩል እርከኖች ጋር ሁልጊዜ አይገጥሙም። የቁልፍ ሰሌዳ ተጫዋች እርከኑን ከፋብሪካ እንደመጣ ለመቀበል ይገደድ ነበር። በብራውዘሩ ሲንተሳይዘር ግን ቃና ማለት የንዝረት ቁጥር ነው፤ ነዳፊው ከአንድ አዋቂ ክራር ተጫዋች የለካውን ቁጥር እንዳለ ሊጽፍ ይችላል።

እንግዲህ የአንድ መሣሪያ ጥቅም የሚመዘነው ሥራን በማቅለሉ ብቻ ሳይሆን፣ የተዘጋጀው ጡብ አልበቃ ሲል ተጠቃሚውን ወደ ሥሩ እንዲወርድ በመፍቀዱም ጭምር ነው። ካሂል 200 ቶን ብረት የጠየቀው ሥራ ዛሬ ከኪስ በሚወጣ ስልክ ይከናወናል። ስልኩ ግን የእንዚራን ጠባይ አያውቅም። ያንን የሚያውቁት በገና ደርዳሪውና በገና ሠሪው ናቸው፤ መሐንዲሱም ስሌቱን ከመጀመሩ በፊት ከእነርሱ ዘንድ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ይገባዋል።