መቅደላ (የአምባ ምሽግ)

መቅደላ በደቡብ ወሎ፣ ከበሽሎ ወንዝ በስተደቡብ የሚገኝ፣ ዙሪያውን ገደል ያጠረው አምባ ነው። ፋላና ሥላሴ የተባሉት ከፍታዎች በአጠገቡ ቆመው መግቢያውን ይቆጣጠራሉ።

ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. መጀመሪያ ከያዙት በኋላ ግምጃ ቤት፣ የብራና መጻሕፍት ማከማቻና የእስረኞች ማቆያ አደረጉት። ጋፋት ላይ የተሠራውና ወደ 7 ቶን የሚመዝነው መድፍ በሰው ጉልበት ተጎትቶ ወደዚሁ መጣ፤ ስሙ ሴባስቶፖል በክሪምያ ጦርነት የታወቀችውን የወደብ ከተማ ያስታውሳል።

በአምባው የታሰሩትን አውሮፓውያን ለማስፈታት፣ በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ተነሥቶ፣ በራያ ደጋ የአሸንጌን ሐይቅ አልፎ ደረሰ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. አሮጌ በተባለው ሜዳ በተደረገው ውጊያ የቴዎድሮስ የጦር አዛዥ ፊታውራሪ ገብርዬ ወደቁ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ እጅ ከመስጠት ሞትን መርጠው በገዛ ሽጉጣቸው አረፉ። ጦሩ አምባውን ዘርፎ አቃጠለው። ወደ እንግሊዝ የተወሰደው የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ፣ ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁ በ1872 ዓ.ም. በዚያው ሞተ።

ሴባስቶፖል ዛሬም በአምባው ላይ አለ፤ የተዘረፉት ቅርሶች ግን አብዛኞቹ አልተመለሱም። መመለሳቸው የኢትዮጵያ ያልተዘጋ የፍትሕ ጥያቄ ነው።