«ጣሊያን ነው» የተባለው ስዊድናዊ

ጫማ የገዛ ሁሉ ያውቃል፤ ሻጩ «የጣሊያን ነው» ካለ ዋጋው ወዲያው ይጨምራል። ይህች ቃል በአንድ ወቅት የቮልቮን አለቃ ሳይቀር ሸውዳለች።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ቮልቮ ያኔ የሚታወቀው በጠንካራ የቤተሰብ መኪኖቹ ነበር። ቀደም ሲል የሞከረው የስፖርት መኪና ከ70 ባነሰ ቁጥር ተሠርቶ ቀርቷል። አለቃው ጉናር ኤንግላው ግን ተስፋ አልቆረጡም፤ ሰው ቆም ብሎ የሚያየው ኩፔ ፈለጉ። ዲዛይኑ ደግሞ የግድ ከጣሊያን መምጣት ነበረበት።

ሥራውን የያዙት የድርጅቱ አማካሪ ሄልመር ፔተርሰን ነበሩ። ልጃቸው ፔሌ ኒውዮርክ በሚገኘው ፕራት ኢንስቲትዩት የኢንዱስትሪ ዲዛይን ተምሮ፣ ጣሊያን ውስጥ ፒየትሮ ፍሩዋ ዘንድ ሥራ ጀምሯል። ዕድሜው ገና በሃያዎቹ አጋማሽ ነው። አባት የጣሊያኖቹን ንድፎች ለአለቃው ሲያቀርቡ የልጃቸውንም መሃል ላይ ሸጎጥ አደረጉት። ኤንግላው አዩ፣ አወዳደሩ፣ መረጡ። የመረጡት የፔሌን ነበር!

እውነቱ ሲወጣ እንደተታለሉ ተሰምቷቸው ክፉኛ ተቆጡ። መኪናዋን ግን አልጣሏትም፤ የተጣለው የልጁ ስም ነው። ፒ1800 ለረጅም ዓመታት የፍሩዋ ሥራ ስትባል ኖረች።

እስቲ ፎቶዋን ፈልጋችሁ እዩ። አፍንጫዋ ረጅም፣ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ ነው። በጎኗ የሚሄደው መስመር በሩ ላይ ሽቅብ ታጥፎ ከኋላ ትንሽ ክንፍ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ የፊት ፓራውልት ደግሞ እንደ ከብት ቀንድ ወደ ላይ የቀና ነው።

ምርቱ እ.ኤ.አ. በ1961 እንግሊዝ አገር፣ ጄንሰን ፋብሪካ ተጀመረ። የጥራት ቅሬታ ስለበዛ በ1963 ወደ ስዊድን ተዛወረ። በ1962 ሮጀር ሙር «ዘ ሴይንት» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ሲነዳት ዓለም አወቃት። አዘጋጆቹ መጀመሪያ የጠየቁት ጃጓርን ነበር፤ እምቢ አላቸው። ምርቷ እ.ኤ.አ. በ1973 ሲቆም ከ47 ሺህ በላይ ተሠርታ ነበር። ኢርቭ ጎርደን የተባለ አሜሪካዊ በ1966 የገዛትን እየነዳ በ2013 ሦስት ሚሊዮን ማይል ሞልቷል።

ፔሌስ? ጀልባ ዲዛይን ማድረግ ያዘ። በኦሎምፒክ የጀልባ ውድድርም በ1964 ነሐስ፣ በ1972 ብር አገኘ። የመኪናዋ ባለቤትነት በይፋ የተመለሰለት ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

እኔ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለኝም። ግን ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የጻፍኩት የመጀመሪያ ጽሑፍ በሌላ ሰው ስም ታትሞ አይቻለሁ። ጋዜጣውን ለእናቴ ሳሳያት «ስምሽ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

አባትየው ማታለላቸው ልክ ነው አልልም። ነገር ግን ኤንግላው የፔሌን ስም ቀድመው ቢያውቁ ኖሮ ንድፉን በዚያ ዓይን ያዩት ነበር? እኔ እጠራጠራለሁ።