ጠመንጃ ሲነክስ፦ ከአቡ ክሌያ እስከ መተማ



«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ይላሉ አበው። ከጠመንጃ አፍ ሸሽተን ሶባ የደረስን ሰዎች ስለ ጠመንጃ መጻፋችን አንዳንዱን ያስገርም ይሆናል። ዳሩ ግን በመካከላችን የጦር ወሬ ሲነሣ ክርክሩ አያልቅም። «እንግሊዝ ጎርዶንን ማዳን ያቃተው ጠመንጃው ስለ ነከሰበት ነው» የሚል አለ፤ «የለም፣ የድርቡሽ ጀግንነት ነው» የሚልም አለ። ጦርነቱ የተካሄደበት አገር ይኸው የተጠለልንበት አገር ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ መርምረን ልናቀርብ ወደድን። ዘመኖቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ቃሉን እንለይ። አባቶቻችን በጠመንጃ ላይ የሚደርሰውን እክል በሁለት ይከፍሉታል። ቃታ ተስቦ ጥይቱ ሳይተኮስ ሲቀር «ከሸፈ» ይባላል። ይህ የሚሆነው ባሩዱ እርጥበት ሲያገኘው፣ መቺው ሲሰበር ወይም ሞላው ሲደክም ነው። የከሸፈ ጥይት ዘግይቶ ሊፈነዳ ስለሚችል አዋቂ ተኳሽ አፈሙዙን ከሰው አዙሮ ጥቂት ሳይቆይ ጠመንጃውን አይከፍትም። ጥይቱ ተተኩሶ ቀለሃው አልወጣም ሲል ደግሞ «ነከሰ» ይባላል። የአቡ ክሌያ ታሪክ የሁለተኛው ነው።

እንግሊዞች በ1871 ለጦራቸው የተቀበሉት ጠመንጃ ማርቲኒ ሄንሪ ይባል ነበር። መዝጊያው የስዊሱ የማርቲኒ፣ አፈሙዙ የስኮትላንዱ ጠመንጃ ሠሪ የሄንሪ ሥራ ስለሆነ በሁለቱ ስም ተጠራ። የመዝጊያው ሐሳብ ግን ቀደም ብሎ ከአሜሪካዊው ፒቦዲ የመጣ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ ከቃታው በስተኋላ ያለው ረጅም እጀታ ወደ ታች ሲሳብ የመዝጊያው ብረት ፊቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ማውጫው ጥርስ የተተኮሰውን ቀለሃ ከሥሩ ይዞ ወደ ውጭ ይገፋል፤ መቺውም በዚያው ይወጠራል። ተኳሹ አዲስ ጥይት አጉርሶ እጀታውን ሲመልስ ጠመንጃው ዝግጁ ነው። ጎራሹ አንድ ጥይት ብቻ ቢሆንም በዘመኑ ከአፈሙዝ ከሚጎርሰው «ቆመህ ጠብቀኝ» ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

ታዲያ ጉድለቱ የት ላይ ነበር? በእጀታው ሳይሆን በቀለሃው ነው። ቀለሃው ከአንድ ወጥ ናስ የተሠራ አልነበረም። ስስ የናስ ቅጠል ተጠቅልሎ ከብረት መቀመጫ ጋር የተያያዘ ነበር። ብዙ ሲተኮስ አፈሙዙ ይግላል፤ የጥቁር ባሩድ ጥላሸት ይከማቻል፤ የበረሃ አሸዋ ይጨመርበታል። ስሱ ናስ ሲተኮስ ይለጠጥና ከጉሮሮው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ወታደሩ እጀታውን በኃይል ሲስብ ጥርሱ መቀመጫውን ብቻ ገንጥሎ ያወጣል፤ የቀረው ናስ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ያለው መድኃኒት መወልወያ ዘንግ ወይም ቢላዋ ነው። ጦር የያዘ ሰው እየሮጠ ሲመጣ ደግሞ ለዚህ ጊዜ የለም።

ጥር 17 ቀን 1885 የሆነው ይህ ነበር። በካርቱም የተከበበውን ጎርዶንን ለማዳን በጄኔራል ስቱዋርት የሚመራ፣ 1,400 ያህል ሰው ያለበት የግመል ጦር ከኮርቲ ተነሥቶ የባዩዳን በረሃ ሲያቋርጥ አቡ ክሌያ ላይ የመሐዲ ጦር ጠበቀው። እንግሊዞች አራት ማዕዘን ሠርተው ቆሙ። በእጅ የሚዞረው ጋርድነር የተባለው መትረየስ ጥቂት ተኩሶ ነከሰ፤ የብዙ ወታደሮች ማርቲኒም እንዲሁ። የማዕዘኑ አንድ ጥግ ተከፈተና ድርቡሾች ገቡ። ጨበጣው ደቂቃዎች ብቻ ቢቆይም ከእንግሊዝ ወገን ከ70 በላይ፣ ከመሐዲ ወገን 1,100 ያህል ሰው ወደቀ። ማዕዘኑ መልሶ ተዘጋ፤ ሜዳውም በእንግሊዞች እጅ ቀረ።

እንግዲህ ክርክሩን እንፍረድ። ጠመንጃው መንከሱ እውነት ነው፤ ብዙ ሰው አስገድሏል። ካርቱምን ያስጣላት ግን እሱ ብቻ አይደለም። ከተማይቱ የወደቀችው ጥር 26 ቀን ሲሆን የእርዳታው መርከቦች የደረሱት ጥር 28 ቀን ነው። ለንደን ጦሩን ለመላክ ለወራት ስታመነታ ቆይታ ነበር። የነከሰ ቀለሃ በቢላዋ ይወጣል፤ ያለፈ ወር ግን በምንም አይመለስም።

እንዲህ ያለ ክርክር በሌላም አገር አለ። በ1876 በአሜሪካ በሊትል ቢግ ሆርን የከስተር ጦር ሲደመሰስ ምክንያቱ በጠመንጃ ውስጥ የሚጣበቀው የመዳብ ቀለሃ ነው ተብሎ ብዙ ተወርቷል። ከ1984 ጀምሮ ሜዳው ሲቆፈር ግን በመሣሪያ ተፈልቅቆ የወጣ ምልክት ያለበት ቀለሃ ጥቂት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከህንዶቹ አንዳንዶቹ እንዲያውም በእጀታ የሚሠራ ባለ ብዙ ጎራሽ ዊንቸስተር ይዘው ነበር። ሽንፈትን በብረት ላይ ማላከክ ጥንትም ነበር ማለት ነው።

ከአቡ ክሌያ በኋላ እንግሊዞች ጥፋቱን በወታደሩ ላይ ጥለው ዝም አላሉም። ቀለሃውን በአንድ ወጥ ናስ ተኩ፤ ቀጥሎም ማውጫው ኃይል እንዲያገኝ እጀታውን አስረዘሙ። ያ የተሻሻለ ማርቲኒ መስከረም 2 ቀን 1898 በኦምዱርማን ጦርነት በግብፅና በሱዳን ሻለቆች እጅ ተመልሶ መጣ። ያን ቀን ከ10,000 በላይ ድርቡሽ አለቀ። ብረቱ ተጠገነ፤ ሰው ግን አልዳነበትም።

ወደ እኛ ታሪክ እንመለስ። ግብፆች በ1875 በጉንደት፣ በ1876 በጉራ ሲሸነፉ ከአሜሪካ የገዟቸው በሺህ የሚቆጠሩ ሬሚንግተን ጠመንጃዎች ከዐፄ ዮሐንስ ጦር እጅ ገቡ። በ1883 ደግሞ የመሐዲ ጦር የሂክስን ሠራዊት ሼይካን ላይ ደምስሶ ያንኑ ዓይነት ጠመንጃ ማረከ። በመጋቢት 1889 መተማ ላይ ዐፄ ዮሐንስ በቆሰሉበት ጦርነት በሁለቱም ወገን አንድ ፋብሪካ የሠራው፣ አንድ መንግሥት የገዛው ጠመንጃ ነበር ማለት ነው። የተተኮሰበትም የተኮሰውም ዋጋውን አልከፈለም፤ የከፈለው በነፍሱ ነው።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ነገር ሲበላሽ ከሸፈ ወይስ ነከሰ ብሎ መለየት ይገባል፤ በሽታው ሳይለይ መድኃኒት አይገኝም፤ ይህ ለጠመንጃ ብቻ ሳይሆን ለአገርም ይሠራል። ሁለተኛ፣ ድልንም ሽንፈትንም በብረት ብቻ የሚለካ ሰው ያቺን የሁለት ቀን መዘግየት አያያትም።

በመካከላችን ውጅግራን፣ ምንሽርን፣ ለበንን በእጃቸው የያዙ ወይም ከአባቶቻቸው የሰሙ አዛውንት አሉ። መጻፍ የማይችል ቢኖር ይንገረን፤ እኛ እንጽፍለታለን። ጠመንጃው ይዝጋል፤ ያልተጻፈ ታሪክ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።