ሥልጣንን በሕግ ስለ ማሰር
የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አመሠራረት

የአገራችን ሽማግሌዎች «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላሉ። ሰውን የሚያስቆጣው የተወሰደበት ነገር ብዛት ሳይሆን የተወሰደበት መንገድ መሆኑን ሲያስረዱ ነው። ይህን ምሳሌ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በሰሜን አሜሪካ የነበሩት አሥራ ሦስት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ከንጉሣቸው ጋር የተጣሉበት ነገር ሲመረመር፣ ሥሩ ይኸው ሆኖ ይገኛልና። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1773 የለንደን ፓርላማ ባወጣው ሕግ ምክንያት ሻይ በአሜሪካ ከቀድሞው ረክሶ የሚሸጥበት ጊዜ ደርሶ ነበር። ነገር ግን በያንዳንዱ ፓውንድ ሻይ ላይ የሦስት ፔንስ ቀረጥ ነበረበት፤ ቀረጡንም የጣለው አንድ እንኳ የአሜሪካ እንደራሴ የማይቀመጥበት ምክር ቤት ነበር። ስለዚህ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 16 ቀን የቦስተን ሰዎች በሌሊት ወደ መርከቦቹ ወጥተው 342 ሣጥን ሻይ ከባሕር ጣሉ። የከበዳቸው ገንዘቡ አልነበረም፤ ሳይጠየቁ መገበራቸው ነበር እንጂ።

ጠቡ ወደ ጦርነት ተለውጦ፣ ጁላይ 4 ቀን 1776 ቅኝ ግዛቶቹ ነጻነታቸውን በአዋጅ ገለጹ። የአዋጁን ረቂቅ በዋናነት የጻፈው ቶማስ ጄፈርሰን ነው። የአዋጁ ፍሬ ነገር በሁለት ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛው፣ ሰዎች ሁሉ እኩል ሆነው እንደ ተፈጠሩና ማንም የማይነሣቸው መብት እንዳላቸው የሚናገረው ነው። ሁለተኛው፣ መንግሥት ትክክለኛ ሥልጣኑን የሚያገኘው ከሚገዛቸው ሰዎች ፈቃድ መሆኑን የሚያስረዳው ነው። እነዚህ ሁለት ቃላት በወረቀት ላይ ለመስፈር ጥቂት ቀናት በቅተዋቸው ነበር፤ በሥራ ላይ ለመዋል ግን ዘመናት አስፈልገዋቸዋል።

አሜሪካውያን መጀመሪያ ያቆሙት መንግሥት ከ1781 ጀምሮ በጸናው የኅብረት ውል የሚመራ ነበር። ከንጉሥ ሥልጣን ገና መውጣታቸው ስለ ነበረ፣ ሌላ ብርቱ ጌታ በላያቸው ላይ እንዳይሾም እጅግ ተጠነቀቁ። ስለዚህ ለማዕከላዊው ምክር ቤት ግብር የመጣል ሥልጣን አልሰጡትም፤ ሕግ አስፈጻሚ ሹም አላቆሙለትም፤ የጋራ የሆነ የፍርድ ቤት ሥርዐትም አልነበራቸውም። ውሉን ለማሻሻል የአሥራ ሦስቱም ግዛቶች ስምምነት ያስፈልግ ስለ ነበረ፣ አንዲት ትንሽ ግዛት የሁሉን ሐሳብ ልታፈርስ ትችል ነበር። እንደዚሁም ሆነ። የጋራውን ዕዳ ለመክፈል ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ከመቶ አምስት ቀረጥ እንዲጣል በታሰበ ጊዜ፣ ሮድ አይላንድ በ1782 እምቢ በማለቷ ነገሩ ቀረ።

የዚህ ድካም ውጤት በ1786 በማሳቹሴትስ ታየ። በግብርና በዕዳ የተጨነቁ ገበሬዎች፣ ከነሱም ብዙዎቹ ለነጻነት የተዋጉ ወታደሮች የነበሩ፣ እርሻቸው በፍርድ እንዳይሸጥባቸው ፍርድ ቤቶችን በኀይል ዘጉ። በጃንዋሪ 1787 በዳንኤል ሼይስ መሪነት በስፕሪንግፊልድ የነበረውን የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ሊይዙ ሲሄዱ በመድፍ ተመለሱ። ማዕከላዊው መንግሥት ጦር የሚያሰልፍበት ገንዘብ ስላልነበረው፣ ሁከቱን ያበረደው የቦስተን ነጋዴዎች ከኪሳቸው ባዋጡት ገንዘብ የተከፈለው ጦር ነበር። ያን ጊዜ አስተዋዮቹ አንድ ነገር ተረዱ። ሥልጣን የበዛበት መንግሥት ሕዝቡን እንደሚጐዳ ሁሉ፣ ሥልጣን ያነሰውም መንግሥት ሕዝቡን ከጕዳት ሊያድነው አይችልም።

እንግዲህ በ1787 ከሜይ 25 እስከ ሴፕቴምበር 17 ቀን ድረስ በፊላዴልፊያ ከተማ የተሰበሰበው ጉባኤ ሊፈታ የተነሣው ጥያቄ ይህ ነበር። ከአሥራ ሁለት ግዛቶች 55 መልእክተኞች መጡ፤ ሮድ አይላንድ ማንንም አልላከችም። ጉባኤውን የመራው ጆርጅ ዋሺንግቶን ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን የ81 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ተገኘ። ክርክሩ በምስጢር እንዲጠበቅ ተወስኖ ስለ ነበረ፣ ዛሬ የምናውቀውን አብዛኛውን ያገኘነው የቨርጂንያው ጄምስ ማዲሰን በየቀኑ ከጻፈው ማስታወሻ ነው። ይህም ማስታወሻ የታተመው እሱ ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ በ1840 ነበር።

ጉባኤውን ሊበትነው የደረሰው ክርክር የውክልና ነገር ነው። ሕዝብ የበዛባቸው ግዛቶች መቀመጫ በሕዝብ ቍጥር እንዲከፋፈል ጠየቁ፤ ትንንሾቹ ደግሞ እንዳንዋጥ እኩል ድምፅ ይሰጠን አሉ። ጁላይ 16 ቀን በጠባብ ድምፅ የጸደቀው ስምምነት ሁለቱንም አስታረቀ። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት በሕዝብ ቍጥር፣ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ደግሞ ለያንዳንዱ ግዛት ሁለት ሁለት ወንበር በእኩል እንዲሆን ተቈረጠ። ማናቸውም ሕግ በሁለቱም ምክር ቤቶች ማለፍ ስላለበት፣ ብዙው ጥቂቱን ሊጨፈልቅ፣ ጥቂቱም ብዙውን ብቻውን ሊገዛ አይችልም።

ከዚህም በላይ የሠሩት ሥራ ሥልጣንን በሥልጣን መግታት ነው። የፈረንሳዩ ሊቅ ሞንቴስኪዩ በ1748 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሕግ ማውጣት፣ ሕግ ማስፈጸምና መፍረድ በአንድ እጅ ከተያዙ ነጻነት እንደማይኖር አስተምሮ ነበር። መልእክተኞቹ ይህን ትምህርት ተቀብለው ሦስቱን ለያዩ፤ ነገር ግን ለያይተው ብቻ አልተዉአቸውም። ፕሬዚዳንቱ ያልወደደውን ሕግ ሊመልስ ይችላል፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች ግን በየበኩላቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ቢጸኑ ሕጉ ያለ እሱ ፈቃድ ይጸናል። ፕሬዚዳንቱ ዳኞችን ይመርጣል፤ የሕግ መወሰኛው ካልተቀበላቸው ግን አይሾሙም። ፕሬዚዳንቱ ራሱ ቢያጠፋ አንደኛው ምክር ቤት ይከሰዋል፤ ሁለተኛው ይፈርድበታል።

የዚህ ሁሉ መሠረት ስለ ሰው ጠባይ የነበራቸው አስተያየት ነው። እኛ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚል ተረት አለን፤ ሹመት የሰውን ልብ እንዴት እንደሚፈትን ያሳያል። የፊላዴልፊያ ሰዎችም ይህንኑ ያውቁ ነበር። ሕጋቸውን የጻፉት ለመላእክት አይደለም፤ ለሚመኝና ለሚሳሳት ሰው ነው። ደግ ሹም ቢመጣ የሚጠቅም፣ ክፉም ቢመጣ ጕዳቱን የሚያሳንስ ሥርዐት ለማቆም ደከሙ።

ይሁን እንጂ እውነቱን ላለመደበቅ፣ የዚህን ሕንጻ ትልቅ ስንጥቅ መናገር ይገባናል። ሰው ሁሉ እኩል ተፈጠረ ብሎ የጻፈው ጄፈርሰን የብዙ ባሮች ጌታ ነበር፤ ዋሺንግቶንና ማዲሰንም እንደዚሁ። በ1790 በተደረገው የመጀመሪያ የሕዝብ ቈጠራ፣ ከ3.9 ሚሊዮን ከሚያህለው ሕዝብ ወደ 700,000 የሚጠጋው በባርነት የተያዘ ነበር። ጉባኤው የደቡብ ግዛቶች ከኅብረቱ እንዳይወጡ ሲል፣ ለውክልና በሚደረገው ቈጠራ ባሮች በሦስት አምስተኛ እንዲታሰቡ ተስማማ። ድምፁ ግን የጌቶቻቸው ነበር። የባሪያ ንግድም እስከ 1808 እንዳይከለከል፣ የሸሸ ባሪያ ለጌታው እንዲመለስ ተጻፈ። ጸሐፊዎቹ «ባሪያ» የሚለውን ቃል በሕጉ ውስጥ አለመጻፋቸው ነገሩ እንደሚያሳፍር ማወቃቸውን ይመሰክራል። ኅብረቱ የተገዛበትን ዋጋ የከፈሉት በጉባኤው ያልተጠየቁት ሰዎች ናቸው። ለጭብጦው ያለ ፍርድ መወሰድ ያዘነ ሕዝብ፣ የሌላውን ሙሉ ሕይወት ያለ ፍርድ ወሰደ።

ረቂቁን 39 መልእክተኞች ፈረሙበት። በዚያ ቀን ተገኝተው ያልፈረሙ ሦስት ነበሩ፤ ከነሱም አንዱ ጆርጅ ሜሰን፣ የመብት መግለጫ የለበትም ብሎ የተቃወመው ነው። ሕጉ የሚጸናው ዘጠኝ ግዛቶች በየጉባኤያቸው ሲቀበሉት ነበርና ክርክሩ በአገሩ ሁሉ ተዳረሰ። ሃሚልተን፣ ማዲሰንና ጄይ ሕጉን የሚያስረዱ 85 ጽሑፎች አወጡ። ተቃዋሚዎቹም በብርቱ ተከራከሩ። ማሳቹሴትስ በ187 ድምፅ በ168 ላይ፣ ቨርጂንያ በ89 በ79 ላይ፣ ኒው ዮርክ በ30 በ27 ላይ ተቀበሉት። ዘጠነኛዋ ግዛት ኒው ሃምፕሺር ጁን 21 ቀን 1788 ስትስማማ ሕጉ ጸና። የተሸነፉትም በከንቱ አልደከሙም፤ የሃይማኖት፣ የንግግር፣ የጽሕፈትና የመሰብሰብ ነጻነትን፣ እንዲሁም የተከሳሽን መብት የሚጠብቁት የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ማሻሻያዎች በ1791 የጸደቁት በነሱ ጩኸት ምክንያት ነው።

በ1803 ደግሞ ዋናው ዳኛ ጆን ማርሻል፣ ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ቢጋጭ ፍርድ ቤት ሊቀበለው እንደማይገባ ፈረደ። ነገር ግን የዳኞች ሥልጣንም ከስሕተት የራቀ አይደለም። ያው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1857 በድሬድ ስኮት ነገር ጥቍር ሰው የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ፈረደ። በፊላዴልፊያ ሳይፈታ የታለፈው ቋጠሮ በመጨረሻ የተቈረጠው በሰይፍ ነው። ከ1861 እስከ 1865 በተደረገው የርስ በርስ ጦርነት ከ600,000 በላይ ሰዎች አለቁ። ከዚህ በኋላ የባርነት መሻር በ1865፣ የሕግ እኩልነት በ1868፣ የምርጫ መብት በዘር ምክንያት እንዳይከለከል በ1870 በሕገ መንግሥቱ ተደነገጉ። ሴቶች በ1920 የምርጫ መብታቸውን አረጋገጡ። የጥቍሮች ድምፅ ግን በደቡብ በልዩ ልዩ ዘዴ ታፍኖ ኖሮ፣ በ1965 በወጣው ሕግ ነው በእውነት መከበር የጀመረው። ከአዋጁ እስከዚህ ድረስ 189 ዓመት መሆኑን አንባቢ ይቍጠረው።

ይህ ታሪክ ከአገራችን ታሪክ ፈጽሞ የራቀ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የታወጀውና በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ የተሻረው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ፣ አሜሪካዊው አማካሪ ጆን ስፔንሰር ከአዘጋጆቹ አንዱ ነበር። ልዩነቱ ግን ሊዘነጋ አይገባም። ያ ሕገ መንግሥት በንጉሠ ነገሥቱ መልካም ፈቃድ የተሰጠ ሲሆን፣ የአሜሪካው በሕዝቡ ስም የሚጀምርና በሕዝቡ ጉባኤዎች ፊት ተከራክሮ ያለፈ ነው። የተሰጠን ነገር ሰጪው ሊወስደው ይችላል፤ ተከራክረው ያቆሙትን ግን ተከራክረው ይጠብቁታል።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ሕግ በመልካም መጻፉ ብቻ እንደማይበቃ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት እስከ ዛሬ የቆየው ጸሐፊዎቹ ስላልተሳሳቱ አይደለም፤ ስሕተታቸው የሚታረምበትን በር በሕጉ ውስጥ ስለ ተዉ፣ የተበደሉትም ያን በር ከመምታት ስላልቦዘኑ ነው። በአባቶቻችን ዘመን አንድ ደካማ ሰው «በሕግ አምላክ» ሲል ብርቱው ባለበት ይቆም ነበር። ብርቱውን ያቆመው የተናጋሪው ጕልበት አልነበረም፤ ሕግ ከሁለቱም በላይ መሆኑን ሁለቱም ማመናቸው ነው። ይህ እምነት ከሰው ልብ የጠፋ እንደ ሆነ፣ የትኛውም ሕገ መንግሥት ወረቀት ሆኖ ይቀራል።