«ስካፍል» ወይስ «ብሮል»?

ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ እንግሊዝኛን የመንግሥት የሥራ ቋንቋ አደረገች። ስለዚህ በዋና ከተማዋ በጁባ ለሚኖር ሐበሻ የጠብን የእንግሊዝኛ ስሞች ለይቶ ማወቅ ቁም ነገር ነው።

«ስካፍል» አጭር ግብግብ ነው፤ ተገፋፍተው፣ ተጓትተው፣ ብዙም ሳይጎዳዱ የሚለያዩበት። «ብሮል» ጫጫታ የበዛበት አምባጓሮ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ሰው ይገባበታል። «ፊስትፋይት» በቡጢ መደባደብ ነው። የአገሪቱ የሙንዳሪና የዲንካ ብሔረሰቦች ወጣቶች ትግል ግን «ሬስሊንግ» ይባላል፤ ደንብ ያለው ስፖርት እንጂ ጠብ አይደለም።

ግብግቡን «ብሮል» ያለ ምስክር ጥፋቱን ያገዝፋል፤ አምባጓሮውን «ስካፍል» ያለ ደግሞ ተጎጂውን ይበድላል። ወገኔ፣ ቃልህን ስትሰጥ በመጀመሪያ ያየኸውን አስታውስ፤ ከዚያ ቃሉን ምረጥ።